የድንገተኛ ጊዜ መተንፈሻ መሣሪያዎች ጉድለት ሲገኝባቸው፦ የመሰብሰብ ጥሪ እንዴት ይወጣል? የትስ ላይ ይሰናከላል?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር 2,600 ገደማ ቦይንግ 737 አውሮፕላኖች ከተሳፋሪዎች መቀመጫ በላይ ያለው የኦክስጅን ክፍላቸው እንዲፈተሽ አዘዘ። የተገኘው ጉድለት ለሰሚው ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱን የኦክስጅን ማመንጫ ጣሳ በቦታው የሚይዘው ማሰሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተቀየረው ማጣበቂያ በሚገባ ስላልያዘ፣ አንዳንዶቹ ጣሳዎች እስከ 2 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ተንሸራትተው ተገኙ። በጣሳው ውስጥ ያለው ኬሚካል ደህና ነው፤ ጭምብሉም ቱቦውም ደህና ናቸው። ይሁንና ጣሳው ቦታውን ከለቀቀ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በድንገት ሲወርድ ተሳፋሪው ስቦ የሚያጠልቀው ጭምብል ኦክስጅን ላይሰጠው ይችላል። ትእዛዙን ያስወጣው የሞተ ሰው ሳይሆን ቦታውን የለቀቀ ጣሳ ነበር፤ ይህ ደግሞ የእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት መልካም ገጽታ ነው።

ጉድለት የተገኘበትን ምርት ተጠቃሚው እንዲመልስ፣ እንዲያስፈትሽ፣ እንዲያስጠግን ወይም መጠቀሙን እንዲያቆም አምራቹ ወይም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ማሳሰቢያ የመሰብሰብ ጥሪ ይባላል። ጥሪ ለመኪናም፣ ለምግብም፣ ለሕፃናት መጫወቻም ይወጣል። ለድንገተኛ ጊዜ መተንፈሻ መሣሪያ ሲወጣ ግን ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ። ብዙ ሰው ጥሪውን የሚረዳው «ዕቃው ተበላሽቷልና ጣሉት» በሚል ሲሆን፣ ነገሩ ከዚህ ይልቅ ውስብስብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም እንዲህ ብሎ መረዳቱ ራሱ ሰው ሊገድል ይችላል።

ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ

የእነዚህ መሣሪያዎች ዘር ሰፊ ነው። የማዕድን ቁፋሮ ሠራተኞች በወገባቸው የሚታጠቁት የኦክስጅን ማመንጫ፣ መርከበኞች ከእሳትና ከጭስ የሚያመልጡበት መተንፈሻ፣ የበረራ አስተናጋጆች በአውሮፕላን ውስጥ እሳት ሲነሳ ራሳቸው ላይ የሚያጠልቁት ኮፍያ መሳይ መከላከያ፣ በፋብሪካና በሕንፃ ውስጥ የሚቀመጡ የማምለጫ ጭምብሎች፣ በአምቡላንስና በድንገተኛ ክፍል የሚገኘው ራሱ መተንፈስ ላቃተው ሰው አየር የሚሰጥበት በእጅ የሚጨመቅ አምቡ ባግ፣ እንዲሁም በሰው ምትክ የሚተነፍሱ በባትሪ የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ቬንቲሌተሮች ሁሉም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። አሠራራቸው ቢለያይም አብዛኞቹን የሚያመሳስላቸው አንድ ጠባይ አለ፤ ዓመታትን ሳይነኩ ተቀምጠው፣ በተፈለጉባት ቅጽበት ያለ አንዳች ስህተት መሥራት ይጠበቅባቸዋል።

የመኪና ፍሬን ሲላላ አሽከርካሪው በየቀኑ ስለሚረግጠው ቀስ በቀስ ይሰማዋል። በታሸገ ሳጥን ውስጥ አሥር ዓመት የተቀመጠ መተንፈሻ ግን ጉድለቱን ለማንም አይናገርም። ተጠቃሚው ጉድለቱን ሲያውቅ ደግሞ ለማረም ጊዜ የለውም። ኦክስጅን ፈጽሞ የሌለበትን አየር የሳበ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፤ በ12,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ የወደቀበት አውሮፕላን ውስጥ ያለ ሰው አስቦ ነገር መሥራት የሚችለው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው፤ ኦክስጅን የተቋረጠበት አንጎል ደግሞ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ዘላቂ ጉዳት ይደርስበት ይጀምራል። ስለዚህ ለእነዚህ መሣሪያዎች ጥሪ ማለት ከአደጋው በፊት ጉድለቱ የሚነገርበት ብቸኛው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ማሳሰቢያው በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ቀጣዩ ምልክት የሚመጣው ከጭሱ ውስጥ ነው።

ከሽፋኑ ሥር ያለው ነገር

ጉድለቱ ከየት እንደሚነሳ ለመረዳት ከመሣሪያዎቹ አንዱን ከፈት አድርጎ ማየት ይጠቅማል። በማዕድን ማውጫዎችና በአንዳንድ የበረራ ሠራተኞች ኮፍያዎች የሚታወቀው ዓይነት ፖታሲየም ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ቢጫ ኬሚካል የያዘ ነው። ይህ ኬሚካል ከሰው ትንፋሽ የሚወጣውን እርጥበት ሲያገኝ ኦክስጅን ይለቃል፤ በዚያው ሂደት ከትንፋሹ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ተጠቃሚው ወደ መሣሪያው ይተነፍሳል፣ መሣሪያው አየሩን አጥርቶና ኦክስጅን ጨምሮ በከረጢቱ በኩል ይመልስለታል፤ ከውጭ ያለው ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚህ ዑደት ውስጥ አይገባም። ግሩም የሆነ ፈጠራ ነው፤ ሁለት ደካማ ጎኖች ግን አሉት።

የመጀመሪያው ኬሚካሉ ለመሞቅና ሙሉ ሥራውን ለመጀመር ጊዜ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በመሣሪያው ውስጥ የመነሻ ኦክስጅን የሚሰጥ አነስተኛ ሲሊንደር ወይም ሲቀጣጠል ኦክስጅን የሚለቅ ኬሚካላዊ ሻማ ይገጠማል። ሲኤስኢ የተባለው ኩባንያ ያመርተው የነበረውና በአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች በስፋት የተሠራጨው ኤስአር-100 የተሰኘ መሣሪያ የወደቀው እዚህች ትንሽ ሲሊንደር ላይ ነው። ከጥቂቶቹ መሣሪያዎች የመነሻው ኦክስጅን በበቂ መጠን እንደማይወጣ በምርመራ ስለተረጋገጠ፣ የአሜሪካ የሙያ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም እና የማዕድን ደህንነትና ጤና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 መሣሪያው ከደህንነት መስፈርቱ በታች መሆኑን በጋራ አሳወቁ። በወቅቱ በማውጫዎቹ ውስጥ 70,000 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ሲሊንደሩ ባይሠራም ተጠቃሚው ደጋግሞ ወደ መሣሪያው በመተንፈስ ኬሚካሉን ማስነሳት ይችላል፤ ለዚያ የሚሆነውን አየር ግን ከየት ይስባል? በዙሪያው ያለው አየር ተመርዞ ከሆነ፣ መመሪያው ላይ በቀላሉ የተጻፈው ይህ አማራጭ በተግባር ትልቅ አደጋ ያዘለ ነው።

ሁለተኛው ደካማ ጎን እርጥበት ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው እርጥበት ከትንፋሽ ብቻ መምጣት አለበት፤ በማከማቻ ጊዜ ሾልኮ ከገባ ኬሚካሉ አስቀድሞ ያልቃል፣ ከዚያም የከፋ ነገር ሊከተል ይችላል። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ቢ/ኢ ኤሮስፔስ ያመረታቸው የበረራ ሠራተኞች መከላከያ ኮፍያዎች አየር አልባ ሆኖ የታሸገው ከረጢታቸው እንዲፈተሽ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከረጢቱ አየር ካስገባ መሣሪያው ሲነሳ በእሳት ሊቀጣጠል ይችላል የሚል ስጋት ነበር፤ ይህም እሳት ለማጥፋት በሚሮጥ ሰው ጭንቅላት ላይ ማለት ነው። የመተንፈሻ መሣሪያ ጉድለት «አለመሥራት» ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

አምቡ ባግ በአንጻሩ ኬሚካልም ባትሪም የለውም። የሚጨመቅ ከረጢት፣ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ጥቂት ስስ ቫልቮች፣ ከዚያም ጭምብል ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ከእነዚያ ስስ ቫልቮች አንዱ በፋብሪካ ተገልብጦ ሲገጠም፣ ሲጣበቅ ወይም ከነጭራሹ ሲረሳ ነው። ቫልቩ ከተጣበቀ ታካሚው አየር ወደ ውስጥ ይገባለታል፤ ወደ ውጭ ግን አይወጣለትም። ከረጢቱን የሚጨምቀው ባለሙያ እጁ ላይ የሚሰማው ነገር ትክክል መስሎት ሊቀጥል ይችላል፤ በተለይ ታካሚው ሕፃን ከሆነ ሳንባው ላይ የሚደርሰው ጫና በጥቂት ጭመቶች ውስጥ ከባድ ይሆናል።

ሳይከፍቱ መመርመር

አንድ መተንፈሻ መሥራቱን ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ መጠቀም ነው። ኬሚካላዊዎቹ መሣሪያዎች ግን አንድ ጊዜ ከተከፈቱ አብቅተዋል፤ መሞከር ማለት ማጥፋት ነው። ስለዚህ በየማውጫው፣ በየመርከቡና በየአውሮፕላኑ ያለውን ሁሉ መሞከር አይቻልም፤ ከብዛቱ ውስጥ ናሙና ተወስዶ ስለቀሪው መፍረድ ግድ ይሆናል። ብዙ የማያውቅ ሰው «ሠላሳውን ሞከርን፣ ሁሉም ሠሩ» የሚለውን ሪፖርት ሲሰማ ይረካል። ስሌቱ ግን አያረካም። ከ100 መሣሪያዎች አንዱ ጉድለት ያለበት ነው እንበል። 30 ብቻ አንስተን ብንሞክር፣ አንድም ጉድለት ሳናገኝ የምንቀርበት ዕድል 74 በመቶ ይሆናል። ጉድለቱ ከ1 በመቶ በታች ነው ብሎ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር ወደ 300 መሣሪያዎች መሞከርና አንዱም አለመውደቁን ማየት ያስፈልጋል። 300 ውድ መሣሪያዎችን ሰብስቦ ማቃጠል ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃል፤ ምርመራዎቹ ዓመታት የሚፈጁትም ከፊሉ በዚህ የተነሳ ነው።

1 በመቶ ትንሽ ቁጥር ይመስላል፤ 70,000 ሰዎች ላይ ሲታሰብ ግን 700 ሰዎች የማይሠራ መሣሪያ ታጥቀው ወደ መሬት ውስጥ ይወርዳሉ ማለት ነው። የትኞቹ 700 እንደሆኑ አይታወቅም። ጥሪው ጤነኛውንም ጉድለት ያለበትንም አንድ ላይ የሚሰበስበው በዚህ ምክንያት ነው፤ «የእኔን ፈትሼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚል ተጠቃሚ ከላይ ያየው ሽፋኑን ብቻ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

የተገላቢጦሹም ነገር አለ፤ «አልሠራም» የተባለ ሁሉ ጉድለት ያለበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2006 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂንያ ግዛት ሳጎ በተባለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ በደረሰ ፍንዳታ 12 ሠራተኞች ሞቱ፤ ከመሬት በታች መውጫ አጥተው ከነበሩት በሕይወት የተረፈው አንድ ሰው ከመተንፈሻዎቹ የተወሰኑት እንዳልሠሩ ተናገረ። መሣሪያዎቹ በኋላ ሲመረመሩ ግን ተነስተው እንደነበረና በውስጣቸውም ያልተሠራበት ኬሚካል እንደቀረ ታየ። ይህን በመያዝ ሟቾቹን መውቀስ ፍጹም ተገቢ አይደለም። ኬሚካሉ ሲሠራ የሚስቡት አየር ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ለመሳብም ይከብዳል፤ ከዚህ በፊት እውነተኛውን መሣሪያ አፉ ላይ አድርጎ የማያውቅ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ቢያወልቀው አይደንቅም። ለዚህ ነው ከአደጋው በኋላ በወጣው ሕግና ደንብ የትንፋሹን ሙቀትና ክብደት በሚያስመስሉ መለማመጃዎች መሠልጠን ግዴታ የሆነው። ጥሪ የመሣሪያን ጉድለት ያርማል፤ የሥልጠናን ጉድለት ግን አይነካውም፤ ሁለቱ ሲምታቱ መርማሪዎች ትክክለኛውን ምክንያት ለማግኘት ይቸገራሉ።

ማን ይጠራል፣ ምን ይላል?

ለመተንፈሻ መሣሪያ ሁሉ አንድ የበላይ ተቆጣጣሪ የለም። በአውሮፕላን ላይ ያለው በአቪዬሽን ባለሥልጣን የብቁነት መመሪያ ይታዘዛል፤ መመሪያው ካልተፈጸመ አውሮፕላኑ እንዲበር አይፈቀድም። በመርከብ ላይ ያለው የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ባወጣቸው ደንቦች ሥር ሆኖ መርከቡ በተመዘገበበት አገር ይመረመራል። በሕክምና ላይ የሚውለው ደግሞ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪዎችን ይመለከታል። ስለዚህ አንድ ተቋም ሦስት ዓይነት መተንፈሻ ካለው ሦስት ቦታ ጆሮውን መጣል አለበት።

የሕክምናውን ወስደን ብናይ፣ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አሠራር ጥሪዎች በሦስት ደረጃ ይመደባሉ። አንደኛ ደረጃ የሚባለው መሣሪያው ከባድ የጤና ጉዳት ወይም ሞት የማድረስ ዕድሉ ጉልህ ሲሆን ነው፤ ሁለተኛው ጊዜያዊ ወይም ሊድን የሚችል ጉዳት ሲያሰጋ ወይም ከባድ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ሩቅ ሲሆን ነው፤ ሦስተኛው ጉዳት ያደርሳል ተብሎ በማይጠበቅበት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ለትንፋሽ የሚውሉ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ አንደኛ ደረጃ ላይ የሚወድቁት ጉድለታቸው ግዙፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ የጉድለቱ ውጤት መካከለኛ ስለሌለው ነው። ብዙ አንባቢ የሚያስገርመው ሌላው ነገር፣ አብዛኞቹ ጥሪዎች በራሱ በአምራቹ ፈቃድ የሚወጡ መሆናቸው ነው። አስተዳደሩ የማስገደድ ሥልጣን ቢኖረውም የሚጠቀምበት አልፎ አልፎ ነው፤ አምራቹ ግን ለጤና አስጊ የሆነ እርማት ወይም የመሰብሰብ ሥራ ሲጀምር በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት።

«ጥሪ» የሚለው ቃል ዕቃው የግድ ይመለሳል ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። አንዳንዱ ጥሪ መሣሪያው ባለበት ቦታ እንዲስተካከል፣ መለዋወጫ እንዲገጠምለት፣ ወይም መመሪያው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንዲጨመር ብቻ ይጠይቃል። ስለሆነም ከርዕሱ ይልቅ «ተጠቃሚው ምን ማድረግ አለበት» በሚለው አንቀጽ ላይ ማተኮር ይሻላል።

ልጣለው ወይስ ልያዘው?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። አንድ መሣሪያ ከ100 አንድ ጊዜ የማይሠራ ከሆነ፣ 99 ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። ምትክ ሳይመጣ ሁሉንም መሰብሰብ ደግሞ 100 ሰዎችን ባዶ እጃቸውን ማስቀረት ነው። ለዚህ ነው በኤስአር-100 ጊዜ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች 70,000ውን መሣሪያ በአንድ ጀምበር ከሠራተኛው ወገብ ላይ ያላስፈቱት። በገበያው ላይ ያሉት ሌሎች አምራቾች ያን ያህል ምትክ ወዲያውኑ ማቅረብ ስለማይችሉ፣ እስከ 2013 መጨረሻ የሚዘልቅ የመተኪያ መርሐ ግብር ወጣ፤ እስከዚያው ሠራተኛው አሮጌውን ይዞ እንዲቆይ፣ ሲሊንደሩ ባይሠራ እንዴት እንደሚያስነሳውም እንዲሠለጥን ተደረገ። ይህን ውሳኔ ቸልተኝነት ያሉት ነበሩ። እኔ ግን ያን ያህል አስቸጋሪ የሆነ ምርጫ በግልጽ ቀርቦ፣ ምክንያቱም ተጽፎ መወሰኑን እመርጣለሁ፤ ከዚህ የባሰው ምትክ እንደሌለ እያወቁ «ሁሉንም መልሱ» ብሎ መጻፍና ኃላፊነቱን ወደ ታች መጣል ነው።

ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ያወጣው ሰፊ ጥሪ ይህን ልዩነት በአንድ ሰነድ ውስጥ ያሳየናል። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ ለሚቆራረጥባቸው ሰዎች በሚያገለግሉት መሣሪያዎችና በተወሰኑ ቬንቲሌተሮች ውስጥ ድምፅ ለመቀነስ የተገጠመው የፖሊዩረቴን ስፖንጅ እየተፈረፈረ ተጠቃሚው ወደሚስበው አየር ሊገባ እንደሚችል፣ ጎጂ ኬሚካሎችንም ሊለቅ እንደሚችል ታወቀ። በወቅቱ የተሰጠው ምክር ለሁሉም አንድ አልነበረም። የእንቅልፍ መሣሪያ የሚጠቀሙት መጠቀም አቁመው ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ ሲነገራቸው፣ ሕይወታቸው በቬንቲሌተር ላይ የተንጠለጠለው ግን ሐኪም ሳያማክሩ ፈጽሞ እንዳያቋርጡ ተነገራቸው። የሚፈረፈረው ስፖንጅ አንድ ዓይነት ነው፤ መሣሪያው ሲቋረጥ የሚከተለው ነገር ግን የተለያየ ነው። ታሪኩ በዚህም አላበቃም። ከተጠገኑት ቬንቲሌተሮች በአንዳንዶቹ ላይ በምትኩ የተገጠመው የሲሊኮን ስፖንጅ ከተለጠፈበት ለቅቆ የአየር መግቢያውን ሊዘጋ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2022 ተገለጸ። እዚህም ተጠያቂው ማጣበቂያ ነበር። ከጥገና የተመለሰ መሣሪያ ነፃ ወጥቷል ተብሎ ከመዝገብ መሰረዝ እንደሌለበት ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ጥሪው የሚጠፋበት መንገድ

ከልምድ እንደሚታየው ጥሪ የሚከሽፈው ማሳሰቢያው ባለመጻፉ ሳይሆን የትኛው መሣሪያ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በመጥፋቱ ነው። አምራቹ ለአከፋፋዩ ይጽፋል፤ አከፋፋዩ ለገዛው ድርጅት ይጽፋል፤ ደብዳቤው ድርጅቱ ውስጥ የሚደርሰው ግዢ ክፍል ነው። ግዢ ክፍል ደግሞ መሣሪያውን ካስረከበ ቆይቷል። አምቡላንሱ ውስጥ ያለው፣ የድንገተኛ ጋሪው መሳቢያ ውስጥ ያለው፣ በመርከቡ ሞተር ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዕቃ ቁጥሩ በማንም መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል።

አምቡ ባግን ለምሳሌ እንውሰድ። አብረው የተመረቱ ዕቃዎች የሚጋሩት የባች ቁጥር ብዙውን ጊዜ ያለው በፕላስቲክ ማሸጊያው ወይም በካርቶኑ ላይ ነው። ነርሷ ለድንገተኛ ጊዜ ዝግጁ እንዲሆን ብላ ማሸጊያውን ቀድዳ ከረጢቱን ጋሪው ላይ ስታስቀምጠው ትክክለኛ ነገር ያደረገች ይመስላታል፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት መሣሪያው ማንነቱን አጥቷል። ከስድስት ወር በኋላ «ከዚህ እስከዚህ ያሉ ባቾች ይመለሱ» የሚል ማሳሰቢያ ቢመጣ፣ ጋሪው ላይ ያለው ከእነዚያ ይሁን አይሁን ማንም መናገር አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የባች ቁጥሩ ያለበትን ቁራጭ ቀድዶ ከመሣሪያው ጋር ማሰር ወይም ቁጥሩን በጋሪው የቼክሊስት ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ቁጥሩ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ጥሪው እንደሚመለከተው ቆጥሮ መተካት ይሻላል።

በእርዳታ የተላለፉ፣ ያገለገሉ ሆነው የተሸጡ፣ በሌላ ድርጅት ስም ዳግመኛ የታሸጉና በድንገተኛ ጊዜ ኪት ውስጥ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የተካተቱ መሣሪያዎች ከሰንሰለቱ ይበልጥ ይርቃሉ። ኪቱ ላይ የሚታየው ኪቱን ያዘጋጀው ድርጅት ስም ነው፤ ጥሪው የሚወጣው ግን በውስጡ ባለው መሣሪያ አምራች ስም ሊሆን ይችላል። አምራቹ ከስሮ ከተዘጋ ደግሞ ገንዘብ የሚመልስም ምትክ የሚልክም አይኖርም። ያኔም ቢሆን ማሳሰቢያው ዋጋ አያጣም፤ ባለንብረቱ ራሱ ወጪውን ችሎ መሣሪያውን ከአገልግሎት ማውጣት ይኖርበታል ማለት ብቻ ነው።

ማሳሰቢያው እጅ ሲገባ

መጀመሪያ የሚመሳከረው የመሣሪያው ስም ሳይሆን ቁጥሩ ነው። የሞዴል ቁጥር፣ የክፍል ቁጥር፣ የባች ወይም መለያ ቁጥር እና የተመረተበት ቀን አንድ በአንድ ከማሳሰቢያው ጋር ይነጻጸራሉ፤ በመጨረሻው ላይ ያለች አንዲት ፊደል ወይም ሰረዝ የጥሪው ወሰን ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ምትክ በእጅ መኖሩ ይታያል። ካለ፣ አሮጌው ወዲያው ተነስቶ «አይሠራበትም» የሚል ምልክት ተለጥፎበት በሌላ ክፍል ይቆለፍበታል፤ መደርደሪያው ሥር ከተተወ ሥራ በበዛበት ሌሊት መልሶ የሚያነሳው ሰው አይጠፋም። ምትክ ከሌለ ግን መሣሪያውን ከማንሳት በፊት በማሳሰቢያው ላይ ያለው ጊዜያዊ ምክር ይነበባል፣ አምራቹ ወይም ተቆጣጣሪው ይጠየቃል፤ በቤት ውስጥ በቬንቲሌተር የሚተነፍስ ሰው ጉዳይ ከሆነ ሐኪሙ ሳይወስን ምንም አይነካም።

ጥሪ ባይኖርም እንኳ በዓይንና በእጅ የሚደረጉ ፍተሻዎች አሉ። የታሸጉ ኬሚካላዊ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሽፋናቸው ላይ አነስተኛ መስኮት አላቸው፤ በመስኮቱ ውስጥ ያለው የእርጥበት ምልክት ቀለሙን ከቀየረ መሣሪያው ከአገልግሎት ይወጣል። ያበጠ፣ የተጨረመተ ወይም ማሸጊያው የላላ ሽፋንም እንዲሁ። የአየር ሲሊንደር ያላቸው የግፊት ጌጃቸው ይታያል። አምቡ ባግ ሲሆን ወደ ታካሚው የሚሄደው ቀዳዳ በአውራ ጣት ተደፍኖ ከረጢቱ ይጨመቃል፤ ጠንክሮ መቃወም አለበት፣ ሲለቀቅም ፈጥኖ መሙላት አለበት። ጣቱ ሲነሳ አየሩ ያለ ችግር መውጣት አለበት። ይህ ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚወስድ ፍተሻ የተገለበጠ ወይም የተጣበቀ ቫልቭን ሊያጋልጥ ይችላል። ኬሚካላዊውን መሣሪያ ግን «እስኪ ልየው» ብሎ መክፈት ማበላሸት ነው። መርከብ ላይ ያለው የማምለጫ መተንፈሻ ደግሞ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ እንዲያገለግል የተሠራ ለማምለጫ ብቻ የሚሆን ዕቃ ስለሆነ፣ ለእሳት ማጥፊያ ወይም ኦክስጅን ወደጎደለበት ክፍል ለመግቢያ ማዋል በደንቡ የተከለከለ ነው፤ ጤነኛ መሣሪያ በዚህ መንገድ ሰው ቢገድል ጥሪ የሚያስወጣ ጉድለት አይባልም።

የተሰበሰበው የት ይደርሳል?

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኦክስጅን የሚያመነጭ ኬሚካል ጊዜው ቢያልፍበትም ኃይሉ አብሮት አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1996 የቫሉጄት 592 በረራ ፍሎሪዳ ውስጥ ተከስክሶ የተሳፈሩት 110 ሰዎች በሙሉ ያለቁት፣ የአገልግሎት ጊዜያቸው አልፎ ከሌሎች አውሮፕላኖች የተነሱ የኦክስጅን ማመንጫ ጣሳዎች ያለ መከላከያ ክዳናቸው፣ «ባዶ» ተብለው ተጭነው በዕቃ ክፍሉ ውስጥ እሳት ስላስነሱ ነው። ጣሳው ሲነሳ የውጭ አካሉ ሙቀት ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል፤ በዙሪያው ካርቶንና ጎማ ካለ የራሱን ኦክስጅን እየመገበ ያነድደዋል።

ከአሥራ አንድ ዓመት ገደማ በኋላ የሆነው ደግሞ ሌላ ዓይነት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ከአርክቲክ በረዶ ሥር በነበረው ታየርለስ በተባለው የእንግሊዝ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ላይ የኦክስጅን ማመንጫ ፈንድቶ ሁለት መርከበኞች ሞቱ። በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ የፈነዳው ማመንጫ ለአደገኛ ቆሻሻ ማከማቻ ተሰጥተው ከነበሩና ተመልሰው ወደ አገልግሎት ከገቡ ማመንጫዎች አንዱ ሊሆን የሚችልበት ሰፊ ዕድል እንዳለ ተነገረ።

ስለዚህ የተሰበሰበ መሣሪያ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ የደህንነት ፒኑ ወይም ክዳኑ ሳይኖር አይጓጓዝም፣ በተራ የፖስታ ጥቅልም አይላክም፤ አምራቹ በማሳሰቢያው ላይ ባመለከተው የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ መንገድ ብቻ ይመለሳል ወይም ፈቃድ ባለው ድርጅት ይወገዳል። የእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር ከተረከበው አካል ደረሰኝ ወይም ከማስወገጃ ማረጋገጫው ጋር ሲመሳከር በመዝገቡ ላይ ያለው መስመር ይዘጋል፤ 40 ተነስተው 38 ብቻ ደረሰኝ ካላቸው፣ ሁለቱ እስኪገኙ ጥሪው በዚያ ተቋም ውስጥ ክፍት ሆኖ ይቆያል።